አጋም በሁለት ቋንቋ

ቤር ሼቫ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የቤተሰብ ችሎት፤
ማቀዝቀዣው ያጓራል። ሐምሌ እዚህ ዝናብ የለው፣ እሳት።
በሰዓት ነው የምከፈል፤ ወንበሬ መካከል፣
ከግራዬ አንጓች ናት፣ ከቀኜ ቸኮል።

ደንቡ ጥብቅ ነው፦ አስተርጓሚ ራሱ የለም፣
ሲናገሩ «እኔ» እላለሁ፣ «እሱ» «እሷ» አልልም።
ስለዚህ በዚያች ጧት ቤት ጥዬ የወጣሁ እኔ ነኝ፣
ደጃፍ ላይ ቁልፍ ይዤ የቀረሁትም እኔው ነኝ።

ዳኛዋ በዕብራይስጥ አንዲት ቃል ጣለች፣
«ልጅን ካገር አውጥቶ ሌላ አገር ማኖር» ነች።
አማርኛዋን ፈለግኋት፣ ኪሴን ዳበስኩላት፤
«ዝውውር» ብዬ ብሞክር የቢሮ ደብዳቤ አስመሰልኳት፤
«ስደት» እንዳልላት እሱ የወላጆቻችን ነው፣
በሱዳን በረሃ በእግር የተከፈለው፤
«ጉዞ» ብዬ እንዳልፍ ጉዞ መመለሻ አለው፤
«ንጥቂያ» ብል ጠበቃዋ ከወንበሩ ይዘላል፣ አውቀዋለሁ ሰውየውን።
«ልጅ ይዞ መሄድ» አልኩ። ያለኝ ይኸው ነበር።
«ይዞ» ላይ ስደርስ ቸኮል አየ ወደ በር።

አንጓች ተነሣች፤ እኔም በሷ አፍ ተነሣሁ፦
«ኔቲቮት ስምንት ዓመት የሰው አዛውንት ሳጥብ ኖርሁ።
እህቴ ሃምቡርግ አለች፣ ሥራ አገኘችልኝ፣
ለልጄም አልጋ አለ፣ መስኮት ያለው፣ አለችኝ።
ሳይረን ሲጮኽ ታቅፌያት ደረጃ ስወርድ
ጉልበቴ ነው የሚከዳኝ።
ከአባቷ ልሽሽ አላልኩም።
ከደረጃው ነው።»

ቸኮል ቁጭ እንዳለ፣ መዳፉን እያየ፦
«ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤቷ በር ማነው ያልተለየ?
የስልክ አባት አልሆንም። ስልክ ጠረን የለውም።
ስሟን አንቺ አወጣሽው፤ በነሱ ቋንቋ ሐይቅ ነው፣ አልጠላሁም፤
እኔ ያደግሁበት አጋም ግን እሾህ ነው።
አጋም የተጠጋ ቁልቋል...» ብሎ እዚያው ላይ ተወው።

ተረጎምኩ። እሾሁን፣ ቁልቋሉን፣
ያልጨረሰውን ልቅሶ ራሴ ጨምሬ፣ ሁሉን።
ጸሐፊዋ ጣቷን ከፊደሉ ላይ አንሥታ አየችኝ፣
«የጓሮ አትክልት ክርክር አለ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ የልጅቷ ቃል መጣ፣ በታሸገ ወረቀት፤
አጋም፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ብቻዋን ያነጋገሯት።
ሁለት ገጽ ዕብራይስጥ። ለወላጆቿ እንዳነብ ታዘዝኩ፤
ደንቡ ደንብ ነውና፣ «እኔ» ብዬ ጀመርኩ፦

«እኔ ሃምቡርግን አላውቅም። በረዶ አለ ይላሉ።
ከሄድኩ የአባን የመብራት ሒሳብ ማን ያነባል? ባንኮቹ ሲደውሉ
ማን ‹ሥራ ላይ ነው› ይላል?
ከቀረሁ ደግሞ እማ ጀርመንኛ አታውቅም፤
እኔ ቶሎ እለምዳለሁ፣ እሷ አፏ አይታዘዝላትም፤
ሐኪሙ የሚላትን ማን ይነግራታል?
ሁለት ብሆን ጥሩ ነበር።
አንድ ነኝ።
ማንም እንዳይከፋው አድርጋችሁ ጻፉት።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ማቀዝቀዣው ብቻ።
አንጓች የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።
አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ቃል ገድፌ አላውቅም፤
ከገጹ ግርጌ ያለችውን ግን አላነበብኳትም፦
«ይኼን ለነሱ አትንገሩ» ትላለች።
ነግሬያቸው ነበር።

ዳኛዋ ቀጠረች፣ «ከበዓላት በኋላ»፤
እዚህ አገር የማያልቅ ነገር ሁሉ ወደዚያ ነው የሚጠቀለለው።
ሁለት ሰዓት ከሩብ ብዬ ፈረምኩ፣ ወጣሁ።

ሊፍቱ ዘንድ ቸኮል አንድ ፖስታ ከኪሱ መዘዘ፣
የመብራት ኃይል ማኅተም፣ ጫፉ በላብ የወረዛ፤
ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋና መልሶ አጠፈው።
«ግድ የለም» አለ፣ «ለዓርብ ይደርሳል።»