የት ደረሰ?

ሻርጃ፣ ሮላ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
አንዲት ክፍል አለች ፀሐይ የማታይ፤
በርሜል እስከ ጣራ፣ ካርቶን እስከ በሩ፣
ሚዛኑ መሐል ላይ፣ ቴፕና ማርከሩ።
የሰው ላብ ነው ሁሉም፤ ብርድ ልብስ፣ ዳይፐር፣
የአምስት ዓመት ጉልበት በገመድ ሲታሰር።

ጦይባ ካርጎ ይሉኛል። ስልኬ አይተኛም ሌሊት፤
«ዕቃዬ የት ደረሰ?» ትላለች አንዲት፣
ከራስ አል ኸይማ። ሌላዋ ከአጅማን፣ ድምፅዋን ደብቃ፣
ትጠይቀኛለች ማዳሟ ሳትነቃ።

እናም «አፕ ላሠራ» አልኩ፤ ቁጥሯን ስታስገባ
«ጅቡቲ ነው፣ ሞጆ ነው፣ ነገ ደሴ ይገባ»
ብሎ የሚነግራት፣
እኔን የሚያሳርፈኝ፣ እሷን የሚያስተኛት።
እኔ ከኮድ የማውቀው የኤቲኤሜን ነው፤
አራት ቁጥር፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

ግሩፕ ውስጥ ጻፍኩና ሰው ካለ ጠየቅኩ፣
ደቂቃ ሳይሞላ አንድ መልስ ተቀበልኩ፤
«ኢንጂነር ኬብሮን።» ፎቶው ላይ ሲታይ
ሦስት ኮምፒውተር ተደርድሯል ጠረጴዛው ላይ፤
ጢሙ የተከረከመ፣
ቃሉ ማር፣ ዋጋው ርካሽ፣ ከሁሉ የቀደመ።
«ለሌላው አምስት ሺህ፣ ላንቺ ሺህ ስምንት መቶ፤
ዛሬ ካልከፈልሽ ግን፣ ነገ ወረፋው ሞልቶ…»
«እህቴ» አለኝ ደግሞ። ስደት ላይ ያለ ሰው
«እህቴ» ሲሉት ነው ኪሱ የሚፈሰው።

ላክሁለት ሙሉውን፣ ቆሜ ከሐዋላ ቤት፣
የክፍሌን ኪራይ፣ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት።
በሳምንቱ «አለቀ» አለኝ። «የታል?» አልኩት። «ደመና ላይ።»

ላም አለኝ በሰማይ፣
ወተቷንም አላይ!
ቀና ብዬ ባየው የሻርጃን ሰማይ
ደመና እንኳ የለም፤ አቧራና ፀሐይ።

ከዚያ «ለሰርቨሩ» አለኝ፤ ሌላ ሦስት መቶ።
ከዚያ ላፕቶፑ ተሰርቆ፤ ከዚያ አባቱ ሞቶ፤
ላባቱ አለቀስኩ። እውነቴን ነው። ሰው ነኝና።
በሦስተኛው ቀን ስሙም ፎቶውም ጠፋና
ቀረሁ ከደረሰኙ ጋር። እስካሁን አልጣልኩትም፤
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አሁን አንቺ ሉባባ፣ መስካት ላይ ሆነሽ፣
«ኮድ ሠሪ ጠቁሚኝ» አልሽኝ፣ ለአባያ ሱቅሽ።
ስም ከመስጠቴ በፊት ጠባሳዬን እንኪ፤
የሚያጣድፍሽን ሰው ስልኩን እንዳትነኪ።
ሠራሁ ያለሽን ሥራ በጣትሽ ክፈቺ፤
«ሠርቼላታለሁ» ያላትን ሴት፣ ድምፅዋን ስሚ አንቺ።
የኬብሮን ፎቶ፣ ኋላ ሲጣራ፣ የአንድ ቱርክ ሐኪም ነው፤
ጥርስ ይነቅላል እንጂ ኮድ መች ያውቃል ሰውየው?

እኔን ያስተማረችኝ ሒክማ ናት፣ የዶሃዋ፤
ቀን ሆቴል መዝጋቢ፣ ሌሊት ኮድ ነው ሥራዋ።
«ሙሉውን አትላኪ» አለችኝ ገና ሳንግባባ፣
«መጀመሪያ አንድ ገጽ፤ ቁጥር የሚያስገባ።
ከወደድሽው መቶ ሃምሳ። ከጠላሽው በሰላም።
ላልታየ ሥራ ዋጋ ለማንም አይከፈልም።
የቤቱን ቁልፍ ደግሞ፣ ስሙን፣ ፓስዎርዱን፣
በራስሽ ኢሜይል ያዢ፤ ግንበኛ አይወስድም በሩን።»

አፈርኩ።
የሰው ካርቶን ሁሉ ከፍቼ የማይ፣
ግራም የማላልፍ ሚዛኔ ላይ፣
ቃል ግን ገዛሁ ሳልመዝን፣ ሳላይ።

ገጽ በገጽ ሄድን። አንዴ ታመመች፣ ዘገየች፤ ነገረችኝ በጊዜው፤
አንዴ በቀለም ተጣላን፤ እሷ ረታች በቢጫው።

በአራተኛው ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ስልኬ ዝም አለ።
የራስ አል ኸይማዋ ዝም። የአጅማኗም ተኝታ ይሆናል።
ዝምታው ራሱ ቀሰቀሰኝ።

ልሞክረው ብዬ ከትራሴ ሥር አወጣሁ
ያንን ደረሰኝ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስገባሁ፤
«የት ደረሰ?» አልኩት፣ ሺህ ስምንት መቶዬን።
ክቧ ዞረች፣ ዞረች። አልዋሸችኝም፦
«በዚህ ቁጥር የተላከ ዕቃ የለም።»