ግማሽ ነጥብ

አሥራ ሁለት ፍሬም አዘዙኝ ከኮሌጁ፤
"ለሽልማት ነው፣ ለዓርብ" አለ ጸሐፊው ቆሞ ከደጁ።
ዋንዛ ነበረኝ የደረቀ፣ ሦስት ክረምት ያሳለፈ፣
ሊቀምሰው የመጣን ምስጥ ጥርስ ያረገፈ።
መስታወት በልክ ቆርጬ፣ ጠርዙን ሞርጄ፣
ወረቀቱን አንድ በአንድ ሳስገባ በእጄ፣
ስምንተኛው ላይ ስደርስ ቀጥ አልኩ ባለሁበት፤
"ዶክተር ዘይቱና አባፊጣ" በወርቅማ ቀለም ተጽፎበት፣
"በላቀ ማስተማር፣ በላቀ ምርምር" ብሎ፣
ማኅተሙ ከስሟ ሥር እንደ ጨረቃ ተንጠልጥሎ።

እኔ እሷን የማውቃት በማዕረጓ አይደለም፤
ያኔ በቦቲዋ ላይ ጭቃ እንጂ ቀለም የለም።
ቦዬ ረግረጉ ዳር፣ ከቤታችን ጓሮ፣
ባትሪ በብብቷ ይዛ፣ ፀጉሯ በሻሽ ታስሮ፣
በቀጭን ቱቦ እየሳበች፣ ትንኝ ስትለቅም ታመሻለች።
"ሰው ማር ይቆርጣል፣ ይቺ ትንኝ ትቆርጣለች!"
አለ ጎረቤቴ አባዲጋ።
ሰማችው። ሳቋ እንዳያመልጣት ቱቦዋን ነከሰች።

ልጄ ሹክሪያ ያኔ ተማሪዋ ነበረች።
አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ይዛ፣ አኩርፋ ገባች።
አራተኛው ጥያቄ፦ ትንኝ የምትናከሰው የት ነው? መቼ ነው?
"ሌሊት፣ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሲተኛ"፤ የመጽሐፉ መልስ ይኸው ነው።
ልጄ ግን የጻፈችው፦
"ሲመሽ፣ ደጅ፣ ላሞች ሲገቡ፣
እናቴ ስታልብ፣ ታናናሾቼ በረቱን ሲከቡ።"
መምህሯ ግማሽ ነጥብ ቀንሳ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
"ከየት አመጣሽው?" ብላለች።
የዚያን ማታ እራቷ አደረ፣ እንደተከደነ ተትቶ።
ወረቀቱን ከምስማር ሣጥኔ ሥር ከተትኩት።
ለምን እንደሆነ እንጃ። የልጅ እጅ ጽሑፍ ነው፤ አልጣልኩት።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሹክሪያ ዛሬ ሰኮሩ ታዋልዳለች።
የመምህሯ ወረቀት ግን ሳስታ፣ ፍሬሙ ውስጥ ትዋልላለች፤
ከጀርባ መደገፊያ ትፈልጋለች።
ሣጥኔን ከፈትኩ።
ተንኮል ይሁን ምርቃት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም፤
ያንን ፈተና አጣጥፌ ከኋላ ከተትኩ፣ ምስማር መታሁበት፣
ለማንም አልተነፈስኩም።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። በሥራ ልብሴ ቆሜ ከበር፣
ከጣቴ የደረቀ ኮላ ስልጥ ነበር።
አስተዋዋቂው የጥናቶቿን ቁጥር ጠርቶ፣ አስጨብጭቦ፣
ትልቁን ግኝቷን አነበበ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ስቦ፦
በቦዬ ዙሪያ የወባ ትንኝ አብዝታ የምትናከሰው
ሲመሽ ነው፣ ከቤት ውጪ፣ ከብት ሲገባ፣ ሳይተኛ ሰው።
አዳራሹ አጨበጨበ።
የእኔ እጅ አልተነሳም፤ ልቤ በረታችንን አሰበ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የጅማ ዝናብ እየደበደባት መጣች።
ፍሬሙን ከመላጊያዬ ጎን አስቀመጠች፦
"ባጃጅ ውስጥ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ ተማም።"
ጉጠቱን አነሳሁ፣ እጄ እንደ ወባ ሕመማም።
ፈተናው ወደቀ።

ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።
ቀይ እስክሪብቶ አወጣች፤ የመምህር ቦርሳ መቼ ያን ያጣል?
"አሥራ አንድ ዓመት" አለች፣ "ግማሽ ነጥቧን ይዤባት።"
"ከየት አመጣሽው?" ከሚለው ጎን "ከቤቷ" ብላ ጻፈች፤
ግማሿን ደመረች፣ ቀኑን አሰፈረች፣ ፈረመች።
ፈተናውን በፌስታል ጠቅልላ፣
"የሰኮሩ መኪና በስንት ሰዓት ይወጣል?" ብላ፣
ወጣች።

መስታወቱን ቀይሬ ሰቅዬዋለሁ፤ እስካሁን ከግድግዳዬ ነው።
ደንበኛ ሁሉ ይጠይቃል፦ "ይሄ ሽልማት የማን ነው?"
"ሥራው አልቋል" እላለሁ፤ "መውሰዱን ረስታው ነው።"