ሆደ ሰፊ

ዙሌማ በያጇ ጭምብሏን አንሥታ፣
ከፒክአፑ ሥር በጀርባዋ ወጥታ፣
«ሁለተኛ ሆድ ነው» አለችኝ በኩራት፤
«ዘጠና ሊትር ነው፤ የሁለት ቀን እራት።»

ብረቱ አሮጌ ነው፤ በግ መንከሪያ ነበር፣
ቅማል ማራገፊያ፣ ከአንድ ጎተራ ሥር
ሃያ ክረምት ያህል ዝገት ለብሶ ተኝቷል፤
ቆርጣ በእሳት ሰፋችው፤ ዛሬ ሥራ ይዟል።
በሳሙና አረፋ ስፌቱን መረመረች፤
አንዲት አረፋ ብቻ ተንፍሳ ፈነዳች፤
«ይኼ ይተፋል» ብላ ደግማ አነደደች።

ከሬዲዮው ሥር አንዲት ማዞሪያ አለች፣
ከአንዱ ሆድ ወደ አንዱ የምታሸጋግር።
መርፌው ግን አንድ ነው፤ የሚያየው አንዱን ሆድ፤
የሌላውን ረሃብ በግምት ነው መውሰድ።

እኔ የበግ ሐኪም፣ ክትባት ጭኜ
ፓታጎንያን ሳቋርጥ ከነፋስ ጋር ሆኜ፣
አራት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ጠጠር፤
ዛፍ የለም፤ ያለው አጥር ነው፣ ደግሞ አጥር።
ከመንገዱ ወገብ አንዲት ማደያ ነበረች፣
ስሟ ላ ኤስፔራ፤ «መጠበቅ» ማለት ነች።
ኤሊሂዮ ነበር የማደያዋ ጌታ፤
ናፍጣው በሊትር፣ ወሬው በስጦታ።
ስለ ጥርሱ ሕመም፣ ስለ ፑማ ዱካ፣
ታንኩ ሞልቶ አብቅቶ ወሬው ገና ሳይነካ።

አምና በሰኔ፣ በበረዶው መሐል
እሱም ቆመ፤ ፓምፑም፤ ቦቴውም ቀርቷል።
ለሟች ማደያ ማን ነዳጅ ይልካል?

«ሆድ ካገር ይሰፋል» ሲባል እሰማ ነበር፤
ይኸው ሆዴ ሰፋ፤ ጠበበልኝ አገር።
ማዞሪያዋን ጠመዘዝሁ፤ ሞተሩን ትን አለው፤
ለአንድ ትንፋሽ ዝም፤ ከዚያ ጠጣ፣ ደላው።
ማንንም ሳልለምን፣ ማንንም ሳላናግር
ተራራው ሥር መድረስ ይቻለኝ ነበር።

ይቻለኝ ነበር።
          ላ ኤስፔራ ስደርስ
እግሬ ፍሬን ያዘ፤ ሳልጠማ፣ ሳልጨርስ።

ኔሊዳ ወጣች እጇን እየጠረገች፣
በነፋሱ መሐል «ናፍጣ የለም!» አለች።
«አውቃለሁ።»
          «ታዲያ?»
                    ለ«ታዲያ» መልስ የለኝ፤
ሰማዩን አየሁት ምናልባት ቢነግረኝ።

ከጓሮ ጄነሬተሩ ዝም ብሏል።
መብራት ካየች ስንት ቀኗ? አልጠየቅኋትም፤
መስኮቷ ላይ ሻማ ቀልጦ ነግሮኛል።

ጎማ ቱቦ ከተትሁ፤ በአፌ ሳብሁት፤
የመጀመሪያውን ጉንጭ ግማሹን ዋጥሁት።
ሆድ ያባውን ዛሬ ቱቦ አወጣው፤
ከበግ መንከሪያው ወደ ቢጫው ጀሪካን
ሃያ ሊትር ወረደ፤ ቆመን አዳመጥን።

መኪና ለማደያ ሲቀዳ
አላየሁም እኔ፤ እሷም አላየችም።
ሳቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት፣
ስለዚያ ፑማ፣ ስለ ዱካው፣
ባሏ ካቆመበት ቀጠለች።

ሲመሽ ተነሣሁ። መርፌው አሁንም አንዱን ነው የሚያይ።
ሌላውን በጣቴ አንኳኳሁት፤
ጎደል ያለ ድምፅ ሰጠኝ።
እስከ ተራራው ድረስ አፌን
ናፍጣ ናፍጣ አለኝ።