ወረት

የብድር መስኮት ላይ ስድስት ዓመት ሠራሁ፣
ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቁጥር እየጠራሁ።
የጅቡቲ መኪና ሲያልፍ መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ፣
ማኅተም አነሣለሁ፣ ማኅተም ለማስቀመጥ።
ስንት አሻራ አየሁ፣ ስንት ሐምራዊ ቀለም፤
አውራ ጣት ይዋሻል ያለኝ ሰው ግን የለም።

በሰኔ ማለዳ ጦይባ እንድሪስ መጣች፣
ከሻርፗ ጫፍ ፈትታ ደብተሯን አወጣች፤
የመሬት ደብተር ናት፣ ጠርዟን ምስጥ የበላት፣
ሦስት ጥማድ ማሳ ቦርከና ዳር ያላት።

«ምን ጎደለ?» አልኳት።
«በሬ» አለች ባጭሩ፤
«አፈሩ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ድንበሩ።
ዝናቡን በነጻ አላህ ይሰጠኛል፣
የይመር በሬ ግን ግማሽ ያስከፍለኛል።
ስምንት መኸር ሙሉ ለእኩል ሰጥቻለሁ፣
ስምንት ጊዜ ከአውድማ በግማሽ ጆንያ ገብቻለሁ።»

ከቅጹ ላይ አራተኛው ረድፍ «ወረት» ይላል፤
ምንም የሌለው ሰው ሰረዝ ይሰመርበታል።
ሰረዜን ሳሰምር አየችኝ አቀርቅራ፣
«ወረትህ ምንድን ነው?» አለችኝ ደፍራ።
«መነሻ ነው» አልኳት፤ «በሬም፣ ሞተርም፣ ዘርም፤
እሱ ሳይኖር መሬት ብቻውን አይቆምም።»

«እኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ነው ትርጉሙ፤
ሲያፈቅሩ ሰንብቶ ቶሎ መድከሙ፤
የሠርግ ሰሞን ፈገግታ፣ ግንቦትን የማያልፍ፤
ባሌን የወሰደው ያ ነው፤ ሰረዙን ተወውና እሱን ጻፍ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ወለዱን ስነግራት እጇን ሰበሰበች፤
«ብር ብርን አይወልድም፣ ከወለደም ሐራም ነው» አለች።
ሌላ መስኮት አለን፣ ወለድ የሌለበት፣
ቢሮው ዕቃ ገዝቶ ትርፉን ተናግሮ የሚሸጥበት።
ጸጉሬን እያከክኩ አስረዳኋት በቀስታ፤
በሳምንቱ አምስት ሴት፣ አንዷ ለአንዷ ዋስ፣ በሬን ሞሉት በሰላምታ።

በሬ ግን አልገዛችም፤ የውኃ ሞተር ነው የመረጠችው፣
«በሬ ሣር ይለምናል፣ ሞተር ሲያርፍ ዝም ነው።»
በጥር ሽንኩርት ተከለች፣ ማሳዋን በዶማ ቆፍራ፣
ከአራቱ ሴቶች ጋር ሌሊቱን ውኃ እያጠጣች በተራ።

ሚያዝያ ላይ ሽንኩርት ኮምቦልቻን አጥለቀለቀ፤
ሞተር ያለው ሁሉ ሽንኩርት ነበረው፣ ዋጋው ወደቀ።
ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ቢደርስም ያው ነበረ፤
በረንዳ ላይ ተከምሮ፣ ዶፍ መታው፣ ጭቃ ሆኖ ቀረ።
እኛ ሞተር ሰጠን እንጂ መጋዘን አልሰጠንም፤
«ለምን?» የሚል ረድፍ ከቅጹ ላይ የለም።

የሦስት ወር ክፍያ ዘለለች። አራቱ ዋሶች ከፈሉ።
አንዷ ዶሮዎቿን ሸጠች አሉ።

በመስከረም ሄድኩ፣ መዝገቤን በብብቴ ይዤ፣
ፊቴን እንደ ሰብሳቢ አኮሳትሬ፣ በባጃጅ ተጉዤ።
ሞተሩ ከሩቅ ይጮሃል። ከእሷ ማሳ ግን አይደለም፤
ቱቦው ድንበር አልፎ ይመር ማሳ ገብቷል፣ እንደ ዘንዶ ሲያዘግም።
ዝናቡ ቀድሞ ቆሞበት፣ የማሽላው ቅጠል ሲጠቀለል፣
ባለ በሬው ራሱ ደጇ መጥቷል፣ «ውኃ ለእኩል» ሊል።

«ስንት አስከፈልሽው?» አልኳት፣ እስክሪብቶዬን ከፍቼ፤
«እኩል?» አልኳት ደግሞ፣ መልሱን ባወቅኩ ኮርቼ።
ከሞተሩ ላይ አፈር ጠረገች፣ በሻርፗ ጫፍ፣ ዝም ብላ፤
«እኩል እንዴት እንደሚከብድ ተሸክሜዋለሁ» አለች ኋላ።
«ሲሶ ነው የጠየቅኩት፤
የአራት ሴቶች ዕዳ ባይኖርብኝ፣ ሩብ ባልኩት።»

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፤ አራተኛው ረድፍ፣ ወረት፤
አምና ያሰመርኳት ሰረዝ እዚያው ናት፤ ሰረዝኳት።
«ሞተር፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።
አራቱን ሴቶች ልጨምር ስል ረድፉ ጠበበብኝ፤
ባለ ባጃጁ ከመንገድ «መሸ!» ብሎ ጥሩምባ ነፋብኝ።