ጥያቄ ሠላሳ አንድ

ደብዳቤው የደረሰኝ በገብስ አጨዳ ነው፤
ማኅተሙ ክብ ቢሆን፣ ቃሉ ማዕዘን አለው።
«ለአቶ ሙሄ እንድሬ፣ ባሉበት» ይላል፤
ያለሁበትን ግን ማን በቅጡ ያውቃል?
ከአቀስታ ወዲያ መኪና ሲለግም
ሦስት ሰዓት በእግር፣ የቀረው በጉም።

«ከመጪው ሐምሌ አንድ በሥራው የሚቆይ
ምዘናውን ያለፈ፣ ደረጃውን ያሻሻለ
ባለሙያ ብቻ ስለሆነ…»
ስለሆነ።
እኔስ እስከ ዛሬ ምን ነበርኩ? ማን ሆንኩ?

ሃያ ስድስት ዓመት የክትባቱን ሣጥን
አንግቼ ስወጣ ስወርድ ዳገቱን፣
ሰው «ሐኪም ሙሄ» ሲል፣ ሲያሻው «ዶክተር» ሲል
አላረምኩትም እኔ። ለምን ልዋሽ? ደስ ይል፣
ደስ ይለኝ ነበረ።

አስረኛ ክፍል ነኝ። ከዚያ ደሴ አንድ ዓመት፣
ነጭ ጋወን፣ ፎቶ፣
ከዚያ ይህች ጤና ኬላ፣ ቆርቆሮ፣ አንድ አልጋ፣
እና የተሾምኩበት ደብዳቤ፤ እሱም ክብ ማኅተም ነበረው።

አገሩ ተቆጣ። በመስኖ ውሃ ተራ
ሲካሰስ የኖረው፣ ሼሁ ከቄሱ ጋራ
«ወረቀት ደም አያቆም! ወረቀት አያዋልድ!»
ብሎ አቤቱታ ጻፈ፣ ተሰልፎ ባንድ።
አውራ ጣት በቀለም፣ ሁለት ገጽ ሙሉ።
እኔ ዝም አልኩ። «ትሑት ነው» አሉ።

ምዝገባው በኦንላይን ነው ተባለ።
ኔትወርክ ያለው ከጉብታው ራስ፣ ከኮሶው ዛፍ በስተግራ፣
አንድ እግር ድንጋይ ላይ አቁመህ ነው።
ስሜን ጽፌ «ላክ» ስል ንፋስ ይመጣል፤
ሦስት ቀን ወጣሁ። በአራተኛው ንፋሱ ሰለቸው።

ደሴ። ጦሳ ጉሙን እስከ ቅንድቡ ስቦ ተኝቷል።
አዳራሹ የልጆች ነው፤
ክንዳቸውን ብገልጥ የኔ ዓይነት እጅ የወጋው ጠባሳ አለ።
«ፋዘር፣ ትርፍ እስክሪብቶ ይኖርሃል?»
ሰጠሁት።

ሠላሳው ጥያቄ እንደ ዳገት አለፈ፤ እያረፍኩ።
ሠላሳ አንድ፦
«ዕድሜው ሁለት ዓመት። ሁለት እግሩ አብጧል። ተቅማጥ አለው።
ራሱን ያውቃል፣ ሲሰጡት ይጠጣል።
ከሚከተሉት የማይደረገው የቱ ነው?»

ውርጭ ገብሱን የፈጀ ዓመት ነበር።
ጦይባ ይማም ኑርዬን በአንቀልባ ይዛ መጣች።
ፊቱ ሙሉ፣ እግሩ ሙሉ። ዓይኑ ብቻ ነው የከሳ።
አንድ ጠርሙስ ግሉኮስ ነበረኝ፤
ለማንም ሳልሰጥ የደበቅሁት፣ የመጨረሻዬ።
ሰቀልኩለት።
«አብሽሪ» አልኳት። «ይኸው፣ ነፍስ እየገባለት ነው።»
ጠብ። ጠብ። ጠብ።
ጠብታ መቁጠር አውቅ ነበር።
ያበጠ ልጅ ልቡ ያንን ሁሉ ውሃ እንደማይችል
ያስተማረኝ የለም።
ዶሮ ሳይጮህ ትንፋሹ ፈጠነ። ቀጥሎ አረፋ።
እናቱ እጄን ሳመችው። ይህንን እጅ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የአምስት ቀን ሥልጠና፣
ገጹ ላይ በወፍራም ቀለም፦ አትስጡ።
ሽንት ቤት ነው ብዬ ወጣሁ፤ እስከ ምሳ አልተመለስኩም።

ማን ነው ታዲያ «ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል?
መመሪያው እውነት አለው። እውነቱ ዘገየ እንጂ።
ያኔ ሳያስተምር የላከኝ ማኅተም
ዛሬ ለምን አታውቅም ብሎ ሲጠይቀኝ፣
እሱን የሚፈትን አዳራሽ አላየሁም።

ሐ ላይ አከበብኩ። ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው።

ውጤቱ ገና ነው።
ጦይባ እንደ ዓመቱ ሁሉ አንድ ቁና ገብስ ልካለች፤
አልፈታሁትም፣ ከመዝገቡ ጎን ተቀምጧል።
የአቤቱታውን ግልባጭም አየሁት፤
ተራ ቁጥር አንድ ላይ፣ ከሼሁም ከቄሱም ቀድሞ፣
ትንሽ፣ ሐምራዊ፣ ጫፉ የተጨማለቀ
የእሷ አውራ ጣት ነው።