ሦስተኛው ፎቶ

በጥቅምት መባቻ፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣
የራስ ሐውሻ ወንዶች ባሕር ዳር ነው መንደር፤
መረብ ይጠግናሉ፣ ጀልባ ይቀባሉ፣
«ከንዓድ ሊገባ ነው» እየተባባሉ።

ዘንድሮ ግን ወሬው ከዓሣ አለፈና፣
በየግድግዳው ላይ ፊት ተለጠፈና፣
ነጭ ለባሽ ሁሉ፣ ፈገግታው አንድ ዓይነት፣
ለሹራው ሸንጎ ነው፣ ለአራት ዓመት ሹመት።
ፓርቲ የለም እዚህ፤ ንብ የለ፣ አምፖል የለ፣
ሰው በአያቱ ስም ነው የተከፋፈለ።

ከመስጊዱ በላይ የቴምር ሰዎች ናቸው፣
ከመስጊዱ በታች ጀልባ ነው ሀብታቸው።
እነዚያ የሚሹት የመስኖ ቦይ ጥርጊያ፣
እነዚህ የሚሹት የጀልባ መቆሚያ፤
ማንን ትመርጣለህ? ቢሉት ግን አንዱን ሰው፣
ቦዩንም ወደቡንም አያነሣው፤
«የአጎቴ ልጅ» ይላል፣
ጨርሷል።

ማማ ረፊዓ ግን ከላይ ተወልዳ፣
ለጀልባ ሰው ተድራ፣ በአህያ ታች ወርዳ፣
ስድስት ወንድ አሳድጋ፣ ባሏን አፈር አልብሳ፣
ጉልበቷ ከድቷታል ሰማንያን ደርሳ።
እኔ ነኝ የማለብሳት፣ እኔ የማነሣት፣
እኔ ነኝ ኪኒኗን ቆጥሬ የማጎርሳት።
ስሜ ሉባባ ነው፣ ከገርባ የመጣሁ፣
ሦስት ዓመት በዚህ ቤት ድምፅ ሳላሰማ ያለሁ።

ሙሰለም፣ ታላቁ፣ ማታ ማታ መጣ፤
ከጎኗ ተቀምጦ ስልኩን ከኪስ አወጣ፤
«እማ፣ ይኸውልሽ፣ ይኼ ነው የእኛ፤
ከላይ ስትቆጥሪ፣ አትርሺ፣ ሁለተኛ።»
«እሺ» አለች። «ልጄ» አለች። ሻይ አስቀዳችለት።
በማግስቱ ኸልፋን መጥቶ ያንኑ ደገመላት።

ሲወጣ በሩን አስዘጋችኝ።
«አንቺ ዓይን አለሽ፣ ንገሪኝ» አለችኝ፤
«ሱሌይም፣ የወንድሜ ልጅ፣ ስንተኛው ላይ ነው?»
ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ፣ ፖስተሩን ቆጠርኩት፤
ተመልሼም መዳፏን በጣቴ ነካሁት፣
አንድ። ሁለት። ሦስት።

የምርጫው ቀን ሌሊት ከንዓድ ገባ ተባለ፣
የታችኛው ሰፈር ባሕር ላይ ዋለ።
ሙሰለም በፒካፕ ዳርቻውን እየሮጠ፣
ክላክስ እየነፋ ድምፁ ተቆረጠ፤
በስልክ ቢለምን፣ «ኑ፣ ዓሣው ነገም አለ!»
አንዱ ከማዕበሉ ሥር ሣቀና እንዲህ አለ፦
«ዓሣው ነገ የለም። ሹራው ግን የት ሊሄድ?»
እኩለ ቀን አልፎ ወረፋው ሦስት ዘመድ፣
ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ የታመመ ሰው፤
የላዩ መንደር ግን ሴቱን በአውቶቡስ አፈሰው።

ከትምህርት ቤቱ በር ጋሪዋን ገፋሁኝ፤
ፖሊሱ «ቢጣቃ» ሲል የሷን ሰጠሁና፣
የኔንም ሳወጣ፣ ፈገግ አለና
«አንቺ እዚህ ቁሚ» አለኝ።
ቆምኩ። የበሩ ጥላ እግሬ ላይ ወድቋል።
ገርባ ላይ የኔም ካርድ ከቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል፤
ተመዝግቤ ነበር፣ ጣቴን ቀለም ሳይነካው፣
ቪዛዬ ቀደመ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው።

ስትመለስ ምንም አላለች።
መዳፌን ያዘች፤ ቆንጠጥ አደረገች፣
አንዴ፣
ሁለቴ፣
ትንሽ ቆይታ ደግሞ።

ማታ ተቆጠረ። ሱሌይም በሰባት ሰው።
ሙሰለም ገበታውን በቡጢ መታው፤
የአጎቱን ልጅ ጠረጠረ፣ አውቶቡሱን ሰደበ፣
የዓሣውን ነጋዴ ረገመ፣ አሰበ፣ አሰበ፣
ድንገት ወደኔ ዞረ፦ «አንቺ ነበርሽ የገፋሻት፤
የትኛውን ነካች? ንገሪኝ፣ እውነት!»
የከንዓዱን ሣህን እንደያዝኩ ቆሜ፣
«ጌታዬ» አልኩ፣ አንገቴን አዘንብዬ፣ ቀለል ባለ ዓረብኛዬ፣
«እኔ ከበሩ ነኝ። ድምፅ አልሰማሁም።»

ማማ ረፊዓ ዓሣዋን አላመች፤
እሾሁን ከከንፈሯ አወጣች፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረች።
በኋላም፣ መብራት ሳጠፋ፣ በጨለማው ውስጥ
«በእናንተ አገርስ» አለች፣ «ሴት ትመርጣለች?»
«ትመርጣለች» አልኳት።
«አንቺ ማንን መረጥሽ?»
ውኃ ቀዳሁላት።
ኪኒኗን ቆጠርኩላት።