ያልተጫነ

ትራም በረዶ ሲፈጭ በብርኖ ጎዳና፣
ቮይቴክ አልተኛም፣ ደብዳቤ አለና።
«ባሌ ሞቶብኝ ነው አድራሻ የቀየርኩ፤
ሌላ አልለመንኩም፣ ሌላ አልጠየቅኩ።
ከመዝገብ ቤት የመጣው ወረቀት ግን ይላል፦
ልጆች፦ ዜሮ። ኧረ ማን ቆጥሮ ያውቃል?
አምስት ወልጃለሁ።» ስሟ ሊቡሼ ነው፤
ዜሮውን በእርሳስ ሁለቴ ከብባው።

አድማጩን ኮድ የጻፈው ራሱ ነው፣ አምና፤
መዝገብ በታደሰ ቁጥር ይነቃና
የነበረውን ከሆነው ጎን ለጎን ያሰፍራል።
የሊቡሼ አድራሻ ሲለወጥም ነቅቷል፤
«ልጆቿስ?» ብሏል።
ዝርዝሩ ግን ያኔ ከጎተራ አልወጣም፤
ስም ብቻ ነው ያለው፣ ካልጠሩት አይመጣም።
ሰነፍ ይሉታል በሙያቸው ቋንቋ፤
ስንፍና አይደለም። ለአንድ የመንገድ ስም
አምስት ነፍስ ከእንቅልፏ ለምን ትንቃ?

ክፋቱ ሰዓቱ። መዝገቡ እየተጻፈ፣
ቁልፉ እየዞረ፣ ደጁ ሊዘጋ ሲል
አድማጩ ተጣራ፤
እህል እየሰፈሩ ቁናውን እንደመገልበጥ።
«ክፍለ ጊዜው አልቋል!» ብሎ ጮኸ ስርዓቱ።
አምና፣ አርብ ማታ ነው፤ ቮይቴክ ቸኩሏል፤
ጩኸቱን በአንዲት መስመር አፍኖ ሄዷል፦
ካልመጣ፣ ባዶ በል።

ባዶ ማለት ከፍቶ፣ አይቶ፣ ማጣት ነው፤
ያልተጫነውን ግን ገና ማን ጠየቀው?
ያላንኳኳኸውን ቤት ሰው የለውም አትበል።

ይህን ለራሱ አለው። ከዚያ መስመሯን ፋቀ፤
አድማጩንም እንደ ልጅ እያስጠነቀቀ፦
«ከመንካትህ በፊት ደርሶ እንደሁ ጠይቅ፤
ካልደረሰ ተወው፤ የሴትዮዋን ቁጥር ብቻ ይዘህ ጠብቅ።
ጽሕፈቱ ይጽና፤ ደጁም ይዘጋ፤
ኋላ ሌላ ደጅ ክፈት፣ ሁሉም ነገር ሲረጋ፤
ያኔ ልጆቿን ጥራ።»

ሞከረው። ሊነጋጋ ሲል አራት ስም መጣለት፦
ዝደንካ፣ አሎይስ፣ ቤድርዢህ፣ ሩት።
ዘግየት ብሎ አምስተኛው፣ ራድኮ። ከጎኑ
ሁለት ቀን ተጽፏል፣ ልደቱና ሞቱ፤
በመሃል ዘጠኝ ቀን።
ሊቡሼ ቆጥራዋለች።

ኮዱን ላከ። መልስ ሊጽፍ ወረቀት ሳበ፤
«ይቅርታ» ብሎ ጀምሮ፣ ቀጣዩን ቃል አሰበ።
የመጀመሪያው ትራም ደወለ።
ከታች፣ በረዶው ላይ፣ አንድ ሰው ጨው ይበትናል።